ዙሪክ ገባህ አሉኝ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? የውሃ ሽታ ሆነህ ቀረህ። እኔም ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ስለዚህ መወቃቀሱን እንተወውና ወደ ጨዋታችን እንግባ።

እማማ ደህና ናቸው። በዓል ሲመጣ ብቅ እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ። ለምርምር ዙሪክ መግባትህን የነገሩኝም፣ አድራሻህን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። «ብርድ አገር ነው አሉ፣ ጋቢ ልልክለት ነው» ብለዋል። ተዘጋጅ።

እኔ ዙሪክ ሲባል ትዝ የሚለኝ ኬሚስቱ አልፍሬድ ቨርነር ነው። አራት ኪሎ እያለን ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ሰውዬ። አሁን ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የማስተምረው እኔው ነኝ። እሱ ምዕራፍ ላይ ስደርስ በቀላሉ አልወጣም። ተማሪዎቹ ራሳቸው «መምህር፣ ኮርሱ አያልቅም» ይሉኛል።

ከኮባልትና ከአሞኒያ የተሠሩ ሁለት ጨዎች በሁለት ቱቦ አሟሟለሁ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሐምራዊ። በሁለቱም ውስጥ ለአንድ ኮባልት ሦስት ክሎሪን አለ። ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሳደርግበት ክሎሪኑ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ቢጫው ሦስቱንም ክሎሪን ይሰጣል። ሐምራዊው ግን ሁለቱን ብቻ ሰጥቶ ሦስተኛውን ይይዛል። «የት ደበቀው?» ስል የኋላ ወንበሮች ሳይቀሩ ይነቃሉ።

የኮፐንሃገኑ ፕሮፌሰር ዮርገንሰን አሞኒያዎቹ እርስ በርስ በሰንሰለት ተያይዘዋል ይል ነበር። ቨርነር ደግሞ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብንን ብሎ ተነሣ፣ እስከ ማታ 11 ሰዓትም ሲጽፍ ዋለ ይባላል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ኮባልቱ መሀል፣ ስድስት ነገሮች ዙሪያውን በኦክታሄድሮን፣ ማለትም ስምንት ገጽና ስድስት ማዕዘን ባለው ቅርጽ፣ ማዕዘኖች ላይ። እዚያ ክበብ ውስጥ የገባ ክሎሪን በቀላሉ አይወጣም። ጽሑፉ በ1893 ታተመ። በዚያው ዓመት የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው። አስተምር ያሉት ግን ያንተኑ ኦርጋኒክ፣ የካርቦኑን ኬሚስትሪ ነው! ደስ ይበልህ።

ደግሞ የተመረኮዘበት ሙከራ ሁሉ ማለት ይቻላል የዮርገንሰን ነበር። ሽማግሌው ዓመታት ለፍቶ የሰበሰበውን ወጣቱ ቨርነር በአንድ ቀን አዲስ ትርጉም ሰጠው። የኛን ላቦራቶሪ አስታወሰኝ። ብልቃጥ የማጥበው እኔ፣ መልሱን ቀድመህ የምትናገረው አንተ። ስለዚህ ትንሽ ለዮርገንሰን አደላለሁ፣ ፍቀድልኝ።

ዮርገንሰን ቀላል ተሟጋች አልነበረም። በቨርነር ሐሳብ መሠረት አራት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን ኮባልቱን ሲከቡት ሁለት ዓይነት ጨው መገኘት አለበት፤ አንዱ ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን፣ ሌላው ፊት ለፊት የሆኑበት። የታወቀው ግን አረንጓዴው ብቻ ነበር። ሁለቱም የተገኙት በአሞኒያው ፈንታ ኤቲሊንዳያሚን የሚባል ካርቦን ያለበት ውህድ ሲገባ ነው። «እስቲ በአሞኒያ ብቻ አሳየኝ» ነው ነገሩ። ቨርነር በ1907 የጠፋውን ሁለተኛ፣ ወይን ጠጁን ሠርቶ አሳየው። ሰውዬውም ተሸነፍኩ አለ። በቃ። እኛ ለኮርስ ኮድ ተኳርፈን ዓመት እንከርማለን።

የመጨረሻው ፈተና የባሰ ነበር። ኦክታሄድሮኑ እውነት ከሆነ፣ አንዳንዶቹ ጨዎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ጥንድ ሆነው መለየት አለባቸው፤ አንዱ ብርሃንን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያዞራል። ሥራው ለቪክቶር ኪንግ፣ ለአሜሪካዊው ተማሪ ደረሰው። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ «እህ፣ ዞረልህ ወይ?» ይሉት ነበር አሉ። አንተም የዶክትሬት ተማሪ ሆነህ አይተኸዋል፤ ሰላምታ ሁሉ «መቼ ትጨርሳለህ?» ይሆናል። በ1911 ዞረለት። ቨርነር በ1913 ኖቤሉን ወሰደ። ቢሆንም «ማዞሩ ጨዉ ውስጥ ካለው ካርቦን የመጣ ነው» የሚሉ አልጠፉም። በ1914 አንዲት ካርቦን የሌለችበት ሠርቶ አፋቸውን አስያዛቸው። በሃያዎቹ ዕድሜው አንድ ቀን የጻፈውን ሲያስመሰክር ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1919 ሲሞት ገና 52 ዓመቱ ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አለምክንያት አይደለም። የቨርነርና የተማሪዎቹ ጨዎች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀምጠዋል። ኤዲት ሃምፍሪ የምትባል እንግሊዛዊት በ1901 ዶክትሬቷን እሱ ዘንድ ሠርታለች፤ ከሷ ክሪስታሎች ናሙና በ1991 ለንደን ለሚገኘው የኬሚስትሪ ማኅበር ተሰጥቷል። አንተ ደግሞ እዚያው ዙሪክ ነህ። ጎራ በልና ወይን ጠጁና አረንጓዴው ጎን ለጎን ካሉ አንሣልኝ። ለክፍሌ ነው፣ በስልክ ይበቃል። የጠርሙሱ ጽሑፍ ግን ይነበብ፣ ያለዚያ ልጆቹ «ከኢንተርኔት ያወረደው ነው» ይሉኛል።