ጥቀርሻውም ይታሰብ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አንታርክቲካ ጎብኚዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥቀርሻን ዘነጋ። ከመርከብ ጭስ የሚወጣው ጥቁር ብናኝ በረዶ ላይ ሲያርፍ የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንድ ጎብኚ በአማካይ ወደ 83 ቶን በረዶ መቅለጥን እንደሚያፋጥን ገምቷል። ከባድ የነዳጅ ዘይት በዚያ ባሕር ከ2011 ጀምሮ መታገዱ ደግ ነው፤ ናፍጣም ግን ጥቀርሻ አለው።

ሌላው ስጋት በጫማ ሶልና በኪስ ስፌት ተሸሽጎ ወደዚያ የሚገባው ባዕድ የሣር ዘርና ተሕዋስ ነው። ስለዚህ ጎብኚው ከመርከብ ሳይወርድ ኪሱ ይጸዳል፣ የጫማው ጭቃ በብሩሽ ይወጣል፣ ከዚያ ጫማው ፀረ ተሕዋስያን ውስጥ ይነከራል። ጭቃው ሳይወጣ ከተነከረ መድኃኒቱ ይዳከማል። እዚህ እንጦጦና መናገሻ ሱባ ደን መግቢያ ላይም ብሩሽና ውኃ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚመለከታቸው ያስቡበት።

ከሱሉልታ