አባዬ፣ ስለ ገንዳው ልነግርህ ብዬ ነው

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ስልክ ላይ መቼም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹስ?» ብለህ ስልኩን ለታላቄ ነው የምትሰጠው፣ ለዛ ነው የጻፍኩልህ። መጀመሪያ ታላቄ ያንብብልህ ብዬ ነበር ከዛ ግን አይ አልኩ፣ ፊደሉን ትልቅ አድርጌ ነው ፕሪንት ያስደረግኩት፣ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው እሺ?

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት አልፎኛል፣ ባለፈው ዓመት የገዛሁለት የዩኒፎርም ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። ሚጣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራው ላይ ወረወረችው፣ አንተ እንዳስተማርካት፣ ከዛ አዲሱ እስኪወጣ ፎቶ አልነሳም ብላ አፏን በእጇ ይዛ ነው የምትሄደው። አያቴ መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች በየቀኑ። እኔም የምመልስላት የለኝም።

ለፋሲካ ስትመጣ አራት ኪሎ ቤታችን ሦስት ሌሊት ብቻ አድረህ «የአዲስ አበባ ብርድ ጉልበቴን በላው፣ ደብረዘይት ይሻለኛል» ብለህ ሄድክ። በራስህ ቤት እንግዳ ሆነህ መሄድህ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ፍልውሃ ልውሰድህ ስልህ ወረፋው ይከብደኛል አልክ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተመንግስቱ አጥር ቁልቁል ወርደን ቁጥራችንን ይዘን አግዳሚው ላይ ስንጠብቅ ጣይቱ ይህን ውሃ ባትወድ ከተማዋ እንጦጦ ላይ ትቀር ነበር ትለኝ ነበር፣ 1879 ዓ.ም. የሚለውን ቁጥር ከትምህርት ቤት በፊት ካንተ ነው የሰማሁት። ያኔ ከፍልውሃ ስንመለስ ዳገቱን አንተ ነበርክ ጎትተህ የምታወጣኝ። እና ከሄድክ በኋላ አሰብኩና እሱ ፍልውሃ ካልሄደ ፍልውሃውን ግቢ ላምጣለት አልኩ። የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ ጃኩዚ የምንለው ማለት ነው። ባለቤቴም ተስማምቷል። ዋጋውን አልነግርህም ስለምትቆጣ፣ አትጠይቀኝም።

ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ነው ሳጠና የከረምኩት። ተክለሃይማኖት ያሉትን የሳኒተሪ ሱቆች አዳረስኳቸው፣ ቴሌግራም ላይ ከሻጮች ጋር ስጨቃጨቅ አመሻለሁ። ጃኩዚ የገንዳው ስም ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የሰው ስም ነው። ከጣሊያን አሜሪካ የሄዱ ወንድማማቾች ናቸው፣ መጀመሪያ የአውሮፕላን ፕሮፔለር ከዛ የውሃ ፓምፕ ይሰሩ ነበር። ካንዲዶ የሚባለው ወንድማቸው ትንሽ ልጁን የመገጣጠሚያ በሽታ ያዘውና ሆስፒታል በሚንቀሳቀስ ውሃ ሲታከም አየ፣ ከዛ እኛ ፓምፕ ሰሪዎች አይደለን እንዴ ብሎ ቤት ያለ ገንዳ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሰራለት፣ እ.ኤ.አ በ1956 ነው። ፓምፑ ከገንዳው ጋር አንድ ላይ ሆኖ የተሰራው ከዛ በኋላ በ1968 ነው። ይሄን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው ጠንካራው ነው፣ አክሪሊክ የሚባለው፣ ጃኩዚ፣ ሆት ስፕሪንግ፣ ሰንዳንስ፣ ቡልፍሮግ የሚባሉት ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ከጎን ባሉት ቀዳዳዎች ውሃውን በፓምፕ ገፍቶ ጀርባህንና እግርህን ያሽሃል። ቡልፍሮግ ደግሞ የጀርባው ክፍል ተነቅሎ በሌላ ይቀየራል፣ ለወገብ የሚሆነውን መርጠህ ትገጥመዋለህ፣ እሱን በጣም ወድጄው ነበር። ግን የአሜሪካ ናቸው አባዬ፣ ትልልቅ ናቸው፣ የቤታችን በር ይቅርና ኮሪደሩ እራሱ አያስገባቸውም፣ አጥር ማፍረስ ሊያስፈልግ ነው።

ሁለተኛው በአየር የሚነፋው ነው፣ ኢንቴክስ እና ቤስትዌይ የሚሰሩት። የቤስትዌዩ ሌይ-ዚ-ስፓ ነው የሚባለው። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ አንዱን በሻንጣ ላምጣልሽ ብላኝ ነበር፣ እንዳታመጪ አልኳት፣ ምክንያቱም የነሱ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ፓምፑ በዝግታ እየዞረ ሞቆ ይቃጠላል። ስለዚህ የአውሮፓውን ነው መፈለግ ያለብን። የኢንቴክሱ ባለ 4 ሰው 795 ሊትር ይይዛል፣ ቁመቱ 71 ሳንቲም። ለሮቷችን ይሄ ብዙ ነው፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣ መሆኑን ታውቃለህ፣ ግን አንዴ ከሞላ በማጣሪያና በክሎሪን ለሳምንታት ይቆያል፣ እንደ ሻወር በየቀኑ አይፈስም። የመብራቱን ደግሞ ራሴ አስልቼዋለሁ፣ ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ለማድረስ 19 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል፣ ማሞቂያው ወደ 2 ኪሎዋት ስለሆነ ማታ ተለኩሶ ጠዋት ነው የሚደርሰው፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ በቃ።

የሚነፋው አንድ ጉድለት አለው። አብዛኛው ከታች አየር ነው የሚነፋው፣ አረፋ ብቻ፣ ሰውነት ላይ ይርመሰመሳል እንጂ ጡንቻ ጋ አይደርስም፣ ቀዝቃዛ አየር ስለሚገባበት ደግሞ ውሃውን ያበርደዋል። ውሃ የሚገፋም አረፋም ያለው ሞዴል ቤስትዌይ አለው፣ ሃይድሮጄት ይሉታል፣ ለጉልበት እሱ ይሻላል ብዬ ወደሱ አድልቻለሁ። አንድ ሻጭ ስለ ክሎሪኑ ስጠይቀው «በረኪና ጠብ አድርጊበት በቃ» አለኝ፣ ጥዬው ወጣሁ። መጠኑ ተለክቶ ካልተደረገ ሞቅ ያለ ውሃ ጀርም ያፈላል፣ ሌጂዮኔላ የሚባለው በእንፋሎቱ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። እኔ አባቴን እዛ ውስጥ ነው የማስቀምጠው እኮ።

ቦታው የእማዬ ጌሾ አጠገብ ነው፣ ሲሚንቶው ላይ። ውሃው ብቻውን 800 ኪሎ ስለሚጠጋ ሰገነት ላይ አይሆንም፣ መሬት ላይ ግን ችግር የለውም። ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ ነበር፣ ሶኬቱን ፈታ አደረገና «እህቴ ይሄ ቤት አርዝ የለውም» አለኝ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም። አርባ ዓመት እዚህ ቤት ኖረን ምጣድ ሲነዝረን «እርጥብ እጅሽን ጠርጊ» ስትለን የኖርከው ለካ ለዛ ነው። አሁን ዘንግ ተቀብሮ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ሊክ ሲያደርግ የሚቆርጠውም ተገጥሟል፣ ገንዳው ባይመጣ እንኳን ልጆቹ ተርፈዋል።

ያልተፈታልኝ እንዴት እንደምትገባ ነው። 71 ሳንቲም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግድግዳ ማለት ነው፣ ደግሞ የሚነፋው ጠርዙ ክብደት ስትጥልበት ይሟሽሻል፣ ተደግፈህ መግባት አትችልም። የእንጨት ደረጃ ከነመያዣው አሰራለሁ። በር ያለው የመታጠቢያ ገንዳም አይቼ ነበር፣ ገብተህ በሩን ዘግተህ ነው ውሃው የሚሞላው፣ ስትወጣ ደግሞ ውሃው እስኪወርድ እርጥብ ሆነህ እየበረደህ መጠበቅ ነው፣ አልወደድኩትም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነበር። ልከፍል ስል ሻጩ የመመሪያውን መጽሐፍ በፒዲኤፍ ላከልኝ። ከ40 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፣ እርጉዝ ሴት ሐኪም ታማክር፣ ልጆች ብቻቸውን አይግቡ ይላል። ከዛ የልብ ወይም የደም ግፊት በሽታ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ ይላል። ሻጩም «ማነው የሚጠቀመው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ አልኩት። «በሽታ አለበት?» አለኝ።

ምን ልበለው አባዬ?

የፋሲካ ዋዜማ ለቅዳሴ ልትሄድ ስትል ኮትህን ልቦርሽልህ ብዬ አንስቼው ነበር። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ትንሽዬ ቡናማ ጠርሙስ ነበረች፣ በወረቀት ተጠቅልላ። ወረቀቱ የሚጣ ደብተር ቅጠል ነው፣ ጎበጥ ጎበጥ አድርጋ ሀ ሁ ሂ የጻፈችበት፣ በክር አስረኸዋል። ስፈታው ናይትሮግሊሰሪን ይላል። ፎቶ አንስቼ እንደነበረው ጠቅልዬ ክሩን እንዳንተ አስሬ መለስኩት፣ ኮቱን ቦረሽኩና አለበስኩህ፣ አንተም «ተባረኪ» ብለህ ወጣህ። ከበዓሉ በኋላ ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅኩ። «ደረቱን ሲጨንቀው ምላሱ ስር የሚያደርጋት ናት፣ የልብ ናት» አለችኝ ልጅቷ። ስለ ሙቅ ውሃውም ጠየቅኳት፣ መድኃኒቱም ደም ስር ይከፍታል ሙቀቱም ይከፍታል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግፊቱን ያወርዱትና እዛው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል አለች።

ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ቮልትና ሊትር ሳሰላ የከረምኩት። ሌላውን ማሰብ ስለፈራሁ ነው።

ታላቄ ያውቃል? ያውቃል አይደል? ስልክ ላይ ስለ ጤናህ ስጠይቀው ድምጹ ይቀየራል። ባለቤቴም ያውቅ እንደሆነ እንጃ። አባዬ ይሄን ነገር አውቀዋለሁ እኮ። ሰው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ሳላውቅ ስቀር ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

1992 የማትሪክ ጊዜ እማዬ ደብረሊባኖስ ጠበል ሄዳለች አልከኝ። ቤት ስለሚረበሽ ጉለሌ አክስቴ ጋ ሆነሽ አጥኚ ብለህ ሻንጣዬን ራስህ ይዘህ ወሰድከኝ፣ ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገርክም፣ ስንወርድ ሁለት እርሳስና ላጲስ ገዛህልኝ። እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ኬሚስትሪ ስሸመድድ እሷ ሆስፒታል ነበረች። ከዛ ቀበራችኋት። ሰልስቷ አለፈ። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ፈተናውን በጨረስኩ በማግስቱ ገና ሳይነጋ በር ሲንኳኳ ጎረቤቶቻችን በሙሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመው አየሁ፣ አንተ ከኋላ ነበርክ፣ ጢምህ አድጎ። ያኔ ነው ጢምህን አይቼ የገባኝ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት።

ለኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ያኔ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ መርዶ ለተማሪ አይነገርም። ውጤቱ መጣ፣ አለፍኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ያን ቀን ወረቀቱን አይተህ «አየሽ?» አልከኝ። አባዬ ያቺ «አየሽ» የምትለዋ እስከ ዛሬ ውስጤ አለች። እግሯን አልያዝኩም፣ አፈር አላለበስኳትም፣ ቻው አላልኳትም፣ በዛ ፈንታ ማትሪክ አለፍኩ። አልተቀየምኩህም ብልህ እዋሽሃለሁ፣ ተቀይሜሃለሁ፣ ደግሞ ልጅ ሆኜ እማዬ ሲያማት ፀጉሬን ሹሩባ መስራት አቅቶህ ጎረቤት ቤት ጠዋት ጠዋት ስታመላልሰኝ አይቻለሁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው ያለው፣ አንዱ አንዱን አላጠፋውም።

አሁን ግን ማትሪክ የለብኝም። ትልቅ ሴት ነኝ፣ የልጆች እናት ነኝ። ከማንም በፊት ለኔ ንገረኝ። ሐኪሙ ምን አለህ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ጊዜ ነው ያቺን ኪኒን ምላስህ ስር ያደረግከው፣ ሌሊት ነው ወይስ ስትራመድ? ደብረዘይት የሄድከው እውነት ለጉልበትህ ነው ወይስ ዳገቱ ደረትህን ስለሚጨንቅህ እኔ እንዳላይ?

ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ስለዚህ ከመክበዱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ። የሆስፒታል ካርድህንና መድኃኒቶችህን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገህ ጠብቀኝ፣ የጨረስከውን ባዶ ጠርሙስም እንዳትጥለው፣ እዚህ የልብ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፣ ሰኞ ነው። ስለ ገንዳው እሱን እንጠይቀዋለን። ይቻላል፣ ግን ለብ ያለ፣ ለ10 ደቂቃ ካለን ደረጃውን አሰራለሁ። አይሆንም ካለ አልገዛውም፣ አታስብበት፣ እማዬ ሲያብጥባት ማታ ማታ ጨው ጨምረህ እግሯን ስትዘፈዝፍበት የነበረው ሰማያዊ ሳፋ አሁንም ጓዳ አለ፣ እኔ ለጉልበትህ ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ አደርግልሃለሁ። ብቻ ና።

ይሄን አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ይተኛሉ። ስልኩን ለታላቄ አትስጠው። ደህና ነኝም አትበለኝ አባዬ፣ የሆነውን ንገረኝ።

ልጅህ