በኬግ (በሚዘጋ የቢራ በርሜል) ውስጥ በግፊት ለምታብላሉ አባላት

ውድ አባላት፣

ቢራን በግፊት ለማብላላት ያሰባችሁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ቫልቩን አስቡ። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ ካጣ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያልተገጠመለትን ኬግ በፍጹም አትዝጉ። ቫልቩን 1 ባር አካባቢ ላይ አስተካክሉት፤ ትርፉን ጋዝ ራሱ ያስወጣል። 19 ሊትር በሚይዝ ኬግ ውስጥም ከ15 ወይም 16 ሊትር በላይ አትጨምሩ። አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ቫልቩን ከደፈነው አደጋ አለው፤ እባካችሁ ይህን ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት።

ግፊቱ የፍራፍሬ ሽታ የሚያመጡት ኤስተሮች እንዳይበዙ ስለሚገታ፣ በተለምዶ በቅዝቃዜ የሚብላላው የላገር ቢራ በ18 ወይም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስም ቢሆን ንጹሕ ጣዕሙን ይዞ ሊብላላ ይችላል። የስንዴ ቢራ የምትጠምቁ ግን ያንን ሽታ ስለምትፈልጉት ግፊቱ ይቅርባችሁ።

ጋዙ እዚያው ቢራው ውስጥ ይሟሟል። አየር ሳይነካው ወደ ሌላ ኬግ ማዛወርም ይቻላል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፣ በተለይ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ለበዛበት ቢራ።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ግፊቱን ቀስ እያላችሁ ጨርሳችሁ አስወጡ።