ማክሰኞም ኑ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ አረጋውያን መጦሪያ የምትዘግቡት ሁሌ በዓል ሲደርስ ነው፦ በግ፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ባነር፣ ፎቶ። አልቃወምም። እኔም አምና ለገና ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሼ ሄጃለሁ። ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ ከጎኔ የቆሙትን አዛውንት ስም ግን አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ ማክሰኞ የረሳነውን ባነር ልወስድ ተመለስኩ። (አዎ፣ ለባነር ነው የተመለስኩት።) ግቢው ጭር ብሏል። እኚያው አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የጥርን ውርጭ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «አገርህ ወዴት ነው?» አሉኝ። መንዝ ነው አልኩ። ቀና አሉ። «የቱ መንዝ? ማማ ነው፣ ላሎ ነው፣ ጌራ?» ጌራ ስላቸው አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። ከዚያማ ገብሱ እንዴት ነበር፣ ውርጭ አልመታውም ወይ፣ በግ ስንት ገባ፣ የመሐል ሜዳ መንገድ እንዴት ሆነ፣ እያሉ አንድ ሰዓት ያዙኝ።

ልነሳ ስል ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጡ። ቻርጁ ሙሉ ነው። «ተበላሽቶ እንደሆነ እስቲ ደውልልኝ» አሉ። ደወልኩ። ጠራ። «እንግዲያው ደህና ነው» ብለው መልሰው ጠቀለሉት።

ልጆቹን መውቀስ ይቀላል። ግን ስንቱ ዓረብ አገር ነው፣ ስንቱስ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተጣቦ ያድራል፣ ጭራሽ ያልወለደም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ «አባባ እንዴት አደሩ» ለማለት ግን በጀት አይያዝም። ነገሩ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ፣ በዚህ ሰበብም በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ገምቷል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እዚህ ሰው መጦሪያ ሲገባ ከእድሩም፣ ከሰንበቴውም፣ ከማኅበሩም በአንድ ቀን ይወጣል። ማን አስወጣው? ማንም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። በየደብሩ ያሉ ሰንበቴዎች ተራ ገብተው እሑድ እሑድ ሁለት ሦስት ሰው በባጃጅ አምጥተው ቢያስቀምጡ፣ ለአንድ ሰንበቴ ሁለት ሰው ምን ይከብደዋል? ደግሞ ባልና ሚስት በተጣላ ቁጥር ሽማግሌ ጠፋ እንላለን፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ጋብቻ ያስታረቀ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እየዋለ። ባነሩን ተዉትና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ አቦል ቶና እስኪባል ተቀመጡ፣ እነሱ ያውሩ።

እኔ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ጎራ እላለሁ። ባለፈው ሥራ በዝቶብኝ ቀረሁ። ማታ ስልኬ ጠራ፤ እሳቸው ናቸው።

«ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው» አሉኝ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን