የማይታየውን ልብስ ተዉትና ስለ ብርሃኑ ንገሩን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

ሰሞኑን በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሰውን ከዓይን የሚሰውር ልብስ ሊመጣ ነው፣ ብላክ ሆልም (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጠው የህዋ አካል) ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠርቷል ይላል። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል፤ አቀራረቡ ግን አልተዋጠልኝም። ተአምሩ ተወርቶ ቁም ነገሩ ተዘለለ። ቁም ነገሩ ደግሞ ከተአምሩ በላይ ይገርማል፦ ብርሃን በጎበጠ ህዋ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድና በልክ በተሠራ ቁስ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚገልጸው ሒሳብ አንድ ነው።

ከፀሐይ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1919 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ፣ በብራዚል ሶብራልና በፕሪንሲፔ ደሴት የነበሩ የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ቡድኖች በፀሐይ አጠገብ የሚያልፈው የከዋክብት ብርሃን ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለኩ። አይንስታይን አስቀድሞ ያሰላው 1.75 ሴኮንድ ነበር። (ሴኮንድ የምለው የጊዜውን አይደለም፣ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፋይ ነው።) በኒውተን ስበት ብቻ ቢሰላ የሚገኘው የዚህ ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚጨምረው የህዋው መጉበጥ ነው።

በዓመቱ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤዲንግተን ይህንኑ መታጠፍ በሌላ መንገድም ማየት እንደሚቻል ጻፈ። ህዋው ጎብጧል ማለቱን ተዉትና፣ በፀሐይ ዙሪያ ብርሃንን የሚያዘገይ፣ ወደ ፀሐይ በቀረቡ ቁጥር ይበልጥ የሚያዘገይ አንድ ግልጽ ነገር አለ ብላችሁ ቁጠሩ። መልሱ ያው ይመጣል። ስሌቱን ስትሠሩት ያ ነገር በፀሐይ ጠርዝ ላይ ብርሃንን የሚያዘገየው ከሚሊዮን 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። የምንተነፍሰው አየር ግን ከሚሊዮን 290 እጅ ያህል ያዘገየዋል! ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አየሩ ብርሃኗን ግማሽ ዲግሪ ያህል ያጥፈዋል፤ የክቧ የታችኛው ጠርዝ አድማሱን ሲነካ በምናይበት ሰዓት፣ ብርሃን በቀጥታ መስመር ቢሄድ ኖሮ፣ ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ነበረች። የፀሐይን ስበት የሚያስንቅ መታጠፍ በየቀኑ በዓይናችን እናያለን ማለት ነው።

ሐሳቡ በግምት ደረጃ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ጎርደን በሚንቀሳቀስ ቁስ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን የጎበጠ ህዋ-ጊዜ (ህዋና ጊዜ እንደ አንድ ነገር ሲታዩ) ውስጥ እንዳለ ሆኖ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ፖላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕሌባንስኪ በተቃራኒው መጣ፤ በጎበጠ ህዋ-ጊዜ ውስጥ ያሉትን የስኮትላንዳዊውን የፊዚክስ ሊቅ የማክስዌልን እኩልታዎች (ብርሃንን ጨምሮ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕጎችን የሚገልጹትን) ወስዶ፣ በቀጥተኛ ህዋ ውስጥ ለተቀመጠ አንድ ልዩ ቁስ ከተጻፉ እኩልታዎች ጋር አንድ መሆናቸውን አሳየ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ ግን የማክስዌል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1854 የታሰበ። አንድ ክብ ዝርግ ሌንስ አስቡ። ጠርዙ ላይ ብርሃን በባዶ ህዋ ፍጥነት ይሄዳል፣ መሀሉ ላይ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በመካከሉ ያለው ለውጥ ደግሞ በተወሰነ ቀመር ቀስ እያለ ይሄዳል። አሁን ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ያዙና ከእሷ ወደ ውስጥ ብርሃን ልቀቁ። የትኛውም ጨረር ቀጥ ብሎ አይሄድም (በመሀል ከሚያልፈው በስተቀር)፣ ሁሉም የክብ ቅስት ሠርቶ ይታጠፋል፣ ከዚያም ሁሉም ፊት ለፊት ባለው ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛል። ለምን? ይህ ሌንስ በወረቀት ላይ የተዘረጋ ግማሽ ሉል ስለሆነ ነው። ሉል ላይ ከአንድ ነጥብ ተነስተው ቀጥ ብለው የሚሄዱ መስመሮች በሙሉ በተቃራኒው ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከሰሜን ዋልታ የሚነሱ የኬንትሮስ መስመሮች ደቡብ ዋልታ ላይ እንደሚገናኙት ማለት ነው። ለብርሃኑ ሌንሱ ግማሽ ሉል ነው፣ አበቃ። ከዝርግ ነገር ጎባጣ ዓለም ተሠራለት።

ወደ ልብሱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፔንድሪ፣ ሹሪግና ስሚዝ በአንድ ወገን፣ ሌዮንሃርት በሌላ ወገን ይህንን ሐሳብ ገልብጠው ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ባዶ ህዋ ውስጥ አንዲት ነጥብ ተለጥጣ ቀዳዳ ስትሆን አስቡ፤ በዚያ የሚያልፉ መስመሮች ሁሉ ቀዳዳውን ዞረው ያልፋሉ። ከዚያ «ይህንን የሚያስመስል ቁስ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀመሩ ይነግራችኋል። በዚያው ዓመት በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ሠርተው አሳዩ። ጨርቅ አልነበረም። 10 ቀለበቶች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተደረደሩ፣ በላያቸው ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑ ስንጥቅ ያላቸው የመዳብ ቅርጾች የታተሙባቸው። መሀላቸው የመዳብ ሲሊንደር ተቀመጠ። የተፈተነው በዓይን በሚታይ ብርሃን ሳይሆን በማይክሮዌቭ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 3.5 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ። የሲሊንደሩ ጥላም ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ትልቁ ነገርም እዚህ ነው። ዞሮ የሚያልፈው ሞገድ መንገዱ ረዝሞበትም በቀጥታ ከሄደው ጋር እኩል መድረስ አለበት። ስለዚህ የሞገዱ አናቶች (ከፍ ያሉት ክፍሎቹ) በባዶ ህዋ ካለው የብርሃን ፍጥነት በላይ መሮጥ አለባቸው። ለአንድ ፍሪኩዌንሲ (ሞገዱ በሴኮንድ ለሚርገበገብበት ቁጥር) ይህ ይቻላል፣ መልእክት ተሸክሞ የሚሄድ ነገር ግን ያንን ፍጥነት አያልፍም፣ ስለዚህ ዘዴው በጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ለቀይ የተሠራ ልብስ በሰማያዊ ይታያል። ስበት ግን ቀለም አይለይም፣ ሁሉንም እኩል ያጥፋል። በቁስና በስበት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል።

ስለ ብላክ ሆሉ ብዙ አልልም። ቻይና ውስጥ የተሠራው በንብርብር ሜታማቴሪያል (ሞገድን እንደተፈለገው እንዲያጥፍ በጥቃቅን ቅርጾች የተሠራ ቁስ) ማይክሮዌቭን እያጠማዘዘ ወደ መሀል የሚያስገባ ዝርግ ነገር ነው፤ መሀሉ ላይ ሞገዱን መጥጦ ወደ ሙቀት የሚቀይር ቁስ አለ። ጎበዝ ሥራ ነው። ግን ስበት የለበትም፣ ክብደቱም ማንንም አይስብም። እኩልታዎቹ አንድ የሆኑት ብርሃን እንዴት እንደሚሄድ በሚናገሩት ክፍል ብቻ ነው፤ ህዋውን ምን እንዳጎበጠው የሚናገሩት የአይንስታይን እኩልታዎች ሳህኑ ውስጥ የሉም። «ብላክ ሆል ተሠራ» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያሳስታል፣ የሠሩትንም ሰዎች ያሳንሳል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ በየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደተፈተነ ጻፉልን፣ ከየትኛው አቅጣጫ ሲታይ እንደሚሠራም ጨምሩበት። ቦታ ካላችሁ ደግሞ የማክስዌልን ሌንስ በሥዕል አውጡት፤ አንድ ሉልና አንድ ክብ ጎን ለጎን ቢሣሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ይገባዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ