የሐሙስ የውሃ ሙከራ፦ ለሳይንስ ክበብ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 9፡00 ላይ ውሃ ቁልቁል ሲወርድ መንገዱን እንዴት እንደሚያበጅ በሙከራ እናያለን። የምንገናኘው በረንዳው ላይ ነው። ክፍል ውስጥ አይሆንም፤ ባለፈው ወለሉን ስንወለውል ያመሸነው ይበቃናል።

ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጎድጓዳ ትሪ፣ ትሪውን የሚሞላ እርጥብ አሸዋ፣ ማስመሪያና ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ይምጣ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ውሃውን ይመጠውና ምንም አናይም።

መጀመሪያ የትሪውን አንድ ጫፍ 2 ሳ.ሜ.፣ ቀጥሎ 10 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገን ከላይ እናንጠባጥባለን። ተዳፋቱ ሲጨምር ውሃው ይፈጥናል፤ አሸዋውን እየሸረሸረ ቦይ ያወጣል። እግርጌው ላይ ሲደርስ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን አሸዋ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጥለዋል። ወንዞች ባሕር ሲገቡ ዴልታ (በወንዙ አፍ ላይ ከደለል የሚከማች መሬት) የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዓይናችሁን ከዚያ ቦታ አትንቀሉ።

ጊዜ ከተረፈ በደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ላይ ጠብታ እናስቀምጣለን። ላስቲኩን ትንሽ ብታዘነብሉትም ጠብታዋ ተጣብቃ ትቆያለች፤ ከጎረቤቷ ጋር ስትዋሃድ ግን ክብደቷ ያይልና ሸርተት ትላለች። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ በሁለተኛው ዙር አሸዋውን በሣር እንሸፍነው ወይስ መሐሉ ላይ በጠጠር ግድብ እንሥራ? ምርጫችሁንና የቡድናችሁን ቁጥር እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። የማትመጡም አሳውቁኝ፣ ቡድን ማሸጋሸግ አለብኝ።