የእግር መደንዘዝ ሁሉ የስኳር ጥፋት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ስኳር በሽታ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ ጣፋጭ፣ ስለ ክብደትና ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ተብሏል፤ የእግር መደንዘዝና ማቃጠል ሲነሳ ግን ምክንያቱ ሁልጊዜ ስኳሩ ብቻ ተደርጎ መቅረቡ ያሳስበኛል። መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ከአመጋገብና ከመድኃኒት ጋር የተያያዘው ሌላው ምክንያት፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ተገቢውን ትኩረት እንዲያገኝ ስል ይህን እጽፋለሁ።

ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ናቸው። «ልጄ፣ እግሬን ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ እንኳ አይታወቀኝም» ይላሉ። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ዓመታት የወሰዱ፣ ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል የማይለያቸው፣ አጽዋማቱንም ሳያጓድሉ የሚጾሙ ሆነው አገኛቸዋለሁ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ የሚጎዱት በአንድ አቅጣጫ ነው።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ሲሆን፣ እህልና አትክልት አስተማማኝ ምንጩ አይደሉም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህችው ጥቂት መጠን ግን ከምግቡ እንድትላቀቅ የጨጓራ አሲድ፣ ወደ ደም እንድትገባ ደግሞ የትንሹ አንጀት መጨረሻ በደንብ መሥራት አለበት። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል፤ ሜትፎርሚን ደግሞ ቫይታሚኑ በአንጀት እንዳይሰርግ ያውካል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ሜትፎርሚን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ እጥረት የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን፣ ይኸውም ከ10 ሰው እስከ አንዱን ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ለባለሙያዎች አሳውቋል።

ጾምን ለመክሰስ የምጽፍ እንዳይመስልብኝ እፈልጋለሁ። ጉበታችን ያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ሊበቃ ስለሚችል፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ብቻውን ክምችቱን አያሟጥጠውም። ችግሩ የሚመጣው ፍስክ ከገባም በኋላ ሥጋና ወተት በኑሮ ውድነት ምክንያት ከማዕድ ሲርቁ፣ የገባውንም ጥቂት መጠን መድኃኒቱ እንዳይሰርግ ሲያደርገው ነው፤ ያን ጊዜ ጎተራው ሳይሞላ ዓመት ዓመትን ይተካል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጉዳቱ ተደብቆ የሚቆይበት መንገድ ነው። የጾም ምግባችን፣ ማለትም ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ፣ ፎሌት የተባለው ሌላ የቢ ቫይታሚን የበዛበት ነው። ፎሌት ደግሞ ከቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍነው ይችላል፤ የነርቡን ጉዳት ግን አያስቆመውም። ስለዚህ የተለመደው የደም ምርመራ «ደህና ነው» ተብሎ በሽተኛው በሚሸኝበት ጊዜ እንኳ የነርቡ ሽፋን፣ ሲብስም ኅብለ ሰረሰሩ፣ እየተጎዳ ሊሄድ ይችላል። ፊታቸውን ለመታጠብ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚንገዳገዱ፣ በጨለማ መራመድ የሚያስፈራቸው፣ መርሳት የጀመራቸው ሰዎች በዚህ ዓይን ሊመረመሩ ይገባል። እርግጥ ስኳር ራሱም ነርቭን ይጎዳል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ልዩነቱ የቢ12 እጥረት በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በከፍተኛ መጠን በሚዋጥ ኪኒን መታከሙ ነው፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ይህን የሚያነብ ሕመምተኛ ሜትፎርሚኑን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ የስኳሩ መጨመር ሌላ ጉዳት ያመጣል። «የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ የሚሸጠውን ድብልቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥም አደጋ አለው፤ በውስጡ ያለው ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳልና። በጾም ወቅት ቫይታሚን መውሰድ ለሚከብዳቸው ደግሞ፣ በፋብሪካ የሚመረተው ቢ12 ከሥጋ ሳይሆን በባክቴሪያ አማካይነት የሚዘጋጅ መሆኑን ለንስሐ አባታቸው ቢያስረዱ ይጠቅማቸዋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው የውስጥ ደዌና የነርቭ ሐኪሞችን ጋብዞ በዚህ ጉዳይ እንዲያጽፍ ነው። የቢ12 ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንደልብ አይገኝም፤ በግል ላቦራቶሪ ደግሞ ለብዙዎች ውድ ነው። ለረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን ለወሰዱና እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች ምርመራው በመደበኛ ክትትላቸው ውስጥ እንዲካተት፣ ምርመራ በሌለበት ቦታም ሐኪሙ በምልክቱና በአመጋገባቸው ተመርቶ ሕክምናውን እንዲጀምር የሚያስችል አሠራር ስለመኖሩ፣ የሚመለከታቸው የጤና ኃላፊዎች በጋዜጣችሁ በኩል መልስ ቢሰጡን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ